ከአርሴማ መቃብር እስከ ኒኖ መቃብር፦ እናቴን ይዤ አርሜኒያና ጆርጂያ ልሄድ ነው፣ ምከሩኝ

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬን ይዤ አርሜኒያና ጆርጂያ ልሄድ ተነሥቻለሁ። ሐሳቡ የእሷ ነው። እማዬ የቅድስት አርሴማ ወዳጅ ናት፤ ዝክሯን አስታጉላ አታውቅም። የሰማዕቷ መቃብር ዛሬም ድረስ አርሜኒያ ውስጥ እንዳለ ከሰማች ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም። እኔ ደግሞ እዚያ ድረስ ተሄዶ ጎረቤቷን ጆርጂያን ሳያዩ መመለስ ያስቆጫል ብዬ ሁለቱን በአንድ ጉዞ ላገናኝ ፈለግኩ።

ችግሬ ይኼ ነው። አስጎብኚዎች የሚልኩልኝ ዕቅድ በሙሉ ሩጫ ነው። በአንድ ቀን አራት ገዳም፣ አንድ የወይን ጠጅ ቤት፣ አንድ ሐይቅ። እማዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ፎቶ ተነሥታ የምትወጣ ሰው አይደለችም። ቁጭ ብላ መጸለይ ትፈልጋለች። ያለን ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ ያውም በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ። ከየትኛው አገር እንጀምር? ለእሷ የሚመቻት የትኛው ቦታ ነው? የሰኔ ጾም ከገባ ምን ትበላለች? እዚያስ መቁረብ ትችላለች? የሄዳችሁ ንገሩኝ።

የሐይቅ ልጅ፦

እህቴ ቤዛ፣ ከአርሜኒያ ጀምሩ። ሁለቱን አገሮች የሚያያይዛቸው ራሱ የአርሴማ ታሪክ ነው፤ ጉዞው የታሪኩን ቅደም ተከተል ቢከተል ለእናትሽ ደስ ይላቸዋል።

የመስከረም 29ን ስንክሳር እናትሽ በቃላቸው ሳያውቁት አይቀሩም። ዲዮቅልጥያኖስ ሊያገባት ፈልጎ አርሴማ ከእመምኔቷና ከደናግሉ ጋር ወደ አርመን ሸሸች። እዚያም ንጉሥ ድርጣድስ ያንኑ ጠየቃት። እምቢ ብላ ሰማዕት ሆነች። ከዚያ ንጉሡ ታመመ፣ እንደ አውሬ ሆነ። ጎርጎርዮስ ከጉድጓድ ወጥቶ ፈወሰው። ንጉሡም አገሩም ተጠመቁ። አርመኖች ይህንን በ301 እ.ኤ.አ. ያደርጉታል፤ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ያደረግን የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን የሚሉትም በዚሁ ነው። አርሴማን ህሪፕሲሜ ይሏታል። እኛ እመምኔቷን አጋታ ስንል እነሱ ጋያኔ ይሏታል።

አሁን ጆርጂያ የምትገባበትን ልንገርሽ። በአርመኖች ትውፊት ከአርሴማ ጋር ከሸሹት ደናግል አንዷ ኒኖ ነበረች። ከሞት ተርፋ ወደ ሰሜን ሄደች። ጆርጂያን ያጠመቀች እሷ ናት። ጆርጂያውያን በበኩላቸው ኒኖን የቀጰዶቅያ ልጅ ይሏታል፤ ንጉሥ ሚሪያንንና ንግሥት ናናን ወደ ክርስትና ያመጣችው በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ነው። እና እናትሽ የአንደኛዋን መቃብር አርሜኒያ፣ የሁለተኛዋን መቃብር ጆርጂያ ይሳለማሉ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የጉዞ ዕቅድ የትኛውም አስጎብኚ አይሰጥሽም።

የአርሴማ ቤተ ክርስቲያን ያለው ቫጋርሻፓት ከተማ ነው። ብዙ ሰው ኤችሚያዚን ይላታል። ከዋና ከተማዋ ከየረቫን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ በ618 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። ውጪው ጥቁር ግራጫ ድንጋይ፣ ውስጡ ጌጥ የለውም። ከመቅደሱ ሥር ጠባብ ደረጃ ወርዳችሁ መቃብሯ ያለበት ትንሽ ክፍል ትገባላችሁ። ቱሪስቶች ለጥቂት ደቂቃ ገብተው ይወጣሉ። እናንተ ግን ግማሽ ቀን ስጡት። ጠዋት፣ የቱሪስት አውቶቡሶች ሳይመጡ።

ዮናስ ኤልኤ፦

ሰላም ቤዛ። እኔ የምለው ከጆርጂያ ጀምሩ። ወደ ዋና ከተማዋ ወደ ትብሊሲ የሚገባው በረራ ይበዛል፣ ከተማዋም ለእንግዳ ትመቻለች። ተራራማው ስቫኔቲ ደግሞ እንዳይቀርባችሁ! በኡሽጉሊ መንደር ከመቶዎች ዓመታት በፊት የተሠሩ የድንጋይ ማማዎች አሉ፤ ከጀርባቸው ከ5,000 ሜትር በላይ የሆነው የሽካራ በረዶ ይታያል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወደ ባቱሚ ወርዳችሁ ጥቁር ባሕርን ታያላችሁ። አርሜኒያ ሦስት ቀን ይበቃታል።

የሐይቅ ልጅ፦

ወንድሜ ዮናስ፣ ስቫኔቲ ውብ መሆኑን አልክድም። ግን ለእሳቸው አይሆንም። መንገዱ ረጅምና ጠመዝማዛ ነው፤ ሄዶ መመለሱ ብቻ ቀኖቻቸውን ይበላል። ይኼ ጉዞ የእናቷ ስለት ነው። ባቱሚን ሌላ ጊዜ ታያታለች።

እትዬ አልማዝ፦

ልጄ ቤዛ፣ እኔም የእናትሽ እኩያ ነኝ፣ ጉልበቴም እንደሳቸው ነው። ከልጆቼ ጋር ሁለቱንም አገር አይቻለሁ። ሰዎች ስለ ውበቱ ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ደረጃው ልንገርሽ።

ኤችሚያዚን ካቴድራሉና ግቢው ሜዳ ነው፤ መናፈሻ አለው፣ መቀመጫ አለው። እናትሽ ቀኑን ሙሉ ቢውሉበት አይከፋቸውም። የጋያኔ ቤተ ክርስቲያን እዚያው በእግር የሚደረስ ነው።

ኮር ቪራፕ ጎርጎርዮስ ለ13 ዓመት ያህል ታሰረበት የሚባለው ጉድጓድ ነው። ወደ ጉድጓዱ የሚወረደው ቀጥ ባለ የብረት መሰላል ነው፤ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ገደማ ይሆናል። እናትሽ እንዳይሞክሩት። አንቺ ውረጂ፣ እሳቸው ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ይጸልዩ። ሰማዩ ጥርት ካለ ከግቢው አራራት ተራራ ፊት ለፊት ነው። 5,137 ሜትር ነው፤ የኖኅ መርከብ አረፈችበት የሚባለው። ዛሬ በቱርክ ግዛት ነው፤ ድንበሩ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝግ ነው። አርመኖች ቆመው ሲያዩት ፊታቸውን ተመልከቺ። እኔ አልቅሼ ነው የተመለስኩት።

ሴቫን ሐይቅ ላይ ያለው ገዳም ደረጃው ብዙ ነው። ከታች ሆኖ ሐይቁን ማየት ይበቃል። ሐይቁ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በከፍታ ከጣና ትንሽ ይበልጣል፤ በሰኔም ብርድ አለው፣ ጋቢ ያዙ።

ጆርጂያ ውስጥ ቫርድዚያን ተዉት። ተራራ ተፈልፍሎ የተሠራ ገዳም ነው፣ የንግሥት ታማር ዘመን ሥራ ነው፣ ግን መውጣት መውረዱ አያልቅም። ምጽኬታ ከተማ ያለው ስቬቲጽኮቬሊ ካቴድራል ሜዳ ላይ ነው፤ ለሽማግሌም ለሕፃንም ይመቻል። ከተራራው ላይ ያለው የጅቫሪ ገዳምም መኪና አጠገቡ ይደርሳል። እዚያ ስትወጡ ከታች ሁለት ወንዞች፣ ምትክቫሪና አራግቪ፣ ሲገናኙ ታያላችሁ። የአንዱ ውኃ ከሌላው በቀለም ይለያል።

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

እትዬ አልማዝ እግዜር ይስጥልኝ! ይኼንን የሚነግረኝ አጥቼ ነበር። ለእማዬ ሳነብላት «ሴትየዋን ጠይቂልኝ፣ ጠበል አለ ወይ?» አለችኝ።

እትዬ አልማዝ፦

አለ ልጄ። ቦድቤ ላይ። ካኬቲ በሚባለው የወይን አገር፣ ሲግናጊ ከተማ አጠገብ ነው፤ ከትብሊሲ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ። የቅድስት ኒኖ መቃብር እዚያ ነው። አሁን የሴቶች ገዳም ነው፤ አትክልቱ፣ ጸጥታው ልብ ያሳርፋል። ከገዳሙ በታች ጫካ ውስጥ የኒኖ ምንጭ አለ። ሰው እንደኛው ነጭ ለብሶ ይጠመቃል። የሚወረደው በረጅም ደረጃ ስለሆነ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱ ነው ጉዱ። ሾፌሩን በመኪና መንገድ አድርሰን በሉት። ለእናትሽ ነጭ ቀሚስ ከቤት ያዢላቸው።

ተማሪ ዘገዳም፦

ስለ ቁርባን የተጠየቀውን ልመልስ። አርመኖች ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። እኛ፣ ግብፆች፣ ሶርያውያን፣ አርመኖች፣ የሕንድ ማላንካራና የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ያልተቀበልን እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት ነን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጃንዋሪ 1965 እ.ኤ.አ. የእነዚህን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የአርመኖቹ ፓትርያርክ፣ ካቶሊኮስ የሚሏቸው፣ ቀዳማዊ ቫዝገን መጥተው ነበር። ስለዚህ እናትሽ የተዘጋጁ ከሆነ ኤችሚያዚን ላይ መቁረብ ይችላሉ። ባይሆን ከጉዞው በፊት ከነፍስ አባታቸው ይማከሩ፤ እዚያም ከቅዳሴው በፊት ካህን አነጋግሩ።

ጆርጂያውያን ግን ኬልቄዶንን የተቀበሉ ናቸው። ከአርመኖች ጋር በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ተለያዩ። እዚያ መግባት፣ መጸለይ፣ ሻማ ማብራት፣ ሥዕል መሳለም ይቻላል። ቁርባን ግን የለም። ማንም አያስቀይማችሁም፤ እናንተም አትጠይቁ።

ግራ እንዳይገባችሁ ስለ ቀን መቁጠሪያውም ልንገራችሁ። በሃይማኖት የሚቀርቡን አርመኖች ፋሲካን የሚያከብሩት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። በሃይማኖት የምንለያቸው ጆርጂያውያን ግን ፋሲካን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፣ ገናቸውም እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው። አርመኖች ልደትንና ጥምቀትን አንድ ላይ ጃንዋሪ 6 ያከብራሉ።

ለጉዟችሁ የሚጠቅመው ይኼ ነው። አርመኖች አርሴማን የሚያከብሩት ከጰራቅሊጦስ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ነው። ማግስቱ የጋያኔ ነው። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጎርጎርዮስ ከጉድጓድ የወጣበት ይታሰባል፣ እሑድ የኤችሚያዚን በዓል ነው። ቀኑ ከፋሲካ ጋር ስለሚዞር ብዙ ጊዜ በሜይ መጨረሻ ወይም በጁን ይውላል። የኒኖ ወደ ጆርጂያ መግቢያ ደግሞ ጁን 1 ይከበራል። እናንተ ልትሄዱ ያሰባችሁበት ወቅት ራሱ ነው! ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዓመቱን ቀን አረጋግጡ።

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

እማዬ ይኼንን ስትሰማ ተነሥታ እልል አለች። እውነቴን ነው። በዓሉ ቀን እዚያ መገኘት እንደሚቻል አስባው አታውቅም። ቅዳሴያቸውስ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል?

ተማሪ ዘገዳም፦

የሚመሳሰልም የማይመሳሰልም አለው። የሚቀደሰው በጥንታዊው አርመንኛ፣ በግራባር ነው፤ እንደ ግእዛችን ሕዝቡ በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ነው። መቅደሱ በመጋረጃ ይጋረዳል። በዐቢይ ጾም መጋረጃው እንደተዘጋ ይከርማል። ዲያቆናቱ በረጅም ዘንግ ላይ ሻኩራ የተሰካበት ክብ ነገር ይዘው ያንቀሳቅሱታል፤ ድምፁን እናትሽ ሲሰሙ ጸናጽል ትዝ ይላቸዋል። ቅዱስ ቁርባናቸው ግን እርሾ በሌለው ኅብስትና ውኃ ባልተቀላቀለበት ወይን ነው፤ በዚህ ከእኛም ከሌሎቹም ይለያሉ። ጫማ አይወልቅም። ይኼ እናትሽን ሊከብዳቸው ይችላል። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ብዙ ምእመናን ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሳይሰጡ ወደኋላ እየተራመዱ ነው፤ ይኼ ደግሞ ይወደድላቸዋል።

ሌላ ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ። ማታግ ይሉታል። ሰው ስለቱ ሲሰምር በግ ወይም ዶሮ ያመጣል፣ ካህኑ ጨው ይባርክለታል፣ ሥጋው ተቀቅሎ ለድሃና ለጎረቤት ይታደላል። እኔ ያየሁት ገጋርድ ገዳም ነው። ሰዎቹ ባያውቁኝም ጠርተው አጎረሱኝ።

አንድ የሚቆረቁረኝ ነገር ላክል። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአገራቸው ወጥተው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው ያረፉት አርመን ነው። መቃብራቸውን እናያለን ብለው የሚሄዱ ሰዎች አሉ። እሳቸው የደረሱበት አርመን ግን ኪልቅያ የሚባለው የባሕር ዳር መንግሥት እንደነበር ነው የታሪክ ሰዎች የሚናገሩት። ያ አገር ዛሬ ደቡብ ቱርክ ነው። የረቫን ሆናችሁ ስማቸውን ጥሩ፣ ጸልዩ፤ መቃብራቸውን ግን እዚያ አትፈልጉ።

ራሄል ከሐይፋ፦

ሻሎም ቤዛ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ከእኛ አገር ወደ ጆርጂያ የማይሄድ የለም፤ በረራው አጭር ነው። የምጽኬታን ታሪክ በእኛ በኩል ልንገርሽ። ጆርጂያ ውስጥ ያሉ አይሁድ ከባቢሎን ምርኮ ጀምሮ እዚያ እንደኖሩ ነው በትውፊታቸው የሚናገሩት። ስቬቲጽኮቬሊ የሚሠራበትን ምክንያት ስትጠይቂም ታሪኩ ከአንድ አይሁዳዊ ይጀምራል። ኤልያስ የሚባል የምጽኬታ ሰው ከኢየሩሳሌም የኢየሱስን ቀሚስ ይዞ መጣ ይላሉ። እኅቱ ሲዶንያ ተቀብላ እንዳቀፈችው ሞተች። ከእጇ ማላቀቅ ስላልተቻለ አብሯት ተቀበረ። ካቴድራሉ የቆመው በዚያ መቃብር ላይ ነው። አሁን ያለው ሕንፃ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው።

ትብሊሲ አሮጌው ከተማ ውስጥ ትልቁ ምኵራብ፣ የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጆርጂያውያኑ ሲዮኒ ካቴድራልና መስጊዱ በእግር የሚደረሱ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ምኵራቡ ገብቼ ጸሎቱን ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ ከየት እንደመጣሁ ጠይቀው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ሲዮኒ ውስጥ ደግሞ ለእናትሽ የሚሆን ነገር አለ፦ ኒኖ ከወይን ቅርንጫፍ ሠርታ በራሷ ፀጉር አሰረችው የሚባለው መስቀል እዚያ ነው። ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነበሉ ናቸው።

ሀብታሙ ዱባይ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እናንተ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዛችሁ ነው። እኛ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለን ምን እናድርግ? ከዱባይ ለሁለቱም አገር ቀጥታ በረራ አለ፤ እኔም አሰብኩበት።

የሐይቅ ልጅ፦

ወንድሜ ሀብታሙ፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ካለህ ጆርጂያ ያለ ቪዛ የምታስገባበት ሕግ አለ። የሁለቱንም አገር ሕግ ኤምባሲያቸው ድረ ገጽ ላይ አንብብ፤ ይለዋወጣል። ግን ወረቀት አሟላ፦ የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው ያላለፈ፣ የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫ፣ በቂ ገንዘብ። ትብሊሲ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ያበዛሉ፤ ሰው የሚመለስበትም ጊዜ አለ። ተረጋግተህ፣ ወረቀትህን በእጅህ ይዘህ መልስ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከአገር ቤት የሚነሣ ግን ቪዛውን ቀድሞ መጨረስ አለበት።

ትርሲት ከስቶክሆልም፦

ስለ ምግቡ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ልግባበት። ጾም ላይ ጆርጂያ መሄድ ማለት ምርቃት ነው! እነሱም የሐዋርያትን ጾም ይጾማሉ፤ የጾም ምግብ ስትዪ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ሎቢያኒ የሚባለው በቦሎቄ የተሞላ ቂጣ ነው። ጰኻሊ አለ፤ ጎመን፣ ቀይ ሥር ወይም ስፒናች ተፈጭቶ እንደ ለውዝ ከሚበላው ከዋልነት ጋር በነጭ ሽንኩርት ይታሻል። በዋልነት የተሞላ ደበርጃን አለ። ኪንካሊ የሚባለውን በሊጥ የተጠቀለለ ምግብም በእንጉዳይ ወይም በድንች ይሠሩታል። ኻቻፑሪ ግን አይብ ነው፤ ለጾም አይሆንም። ሎቢያኒውም ቅቤ ይቀባል አንዳንዴ፣ ጠይቂ።

አርሜኒያ ውስጥ ላቫሽ አለልሽ። ሴቶቹ ቶኒር በሚባል መሬት ውስጥ በተቀበረ ምድጃ ሲጋግሩት እናትሽ ቁጭ ብለው ይዩ። ሊጡን ዘርግተው ግድግዳው ላይ ለጠፍ ያደርጉታል፣ ወዲያው ይነሣል። በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዥንጋሎቭ ሃጽ የሚባለውን እንዳትረሺ፤ ብዙ ዓይነት ቅጠላ ቅጠል የተሞላበት ቂጣ ነው፣ በዘይት የሚሠራ። አርመኖች ይኖሩበት ከነበረው ከካራባኽ የመጣ ነው፤ በ2023 ከዚያ የተፈናቀሉ ሰዎች የረቫን ውስጥ እየጋገሩ ይሸጡታል። ከእነሱ ግዙ። እንደኛ ዓይነት በርበሬ ግን አይገኝም፤ ሚጥሚጣ በትንሽ ዕቃ ያዢ።

ዮናስ ኤልኤ፦

እሺ፣ በሐሳባችሁ ተስማምቻለሁ፤ አርሜኒያ ትቅደም። አርመን ጎረቤቶቼን ግሌንዴል ላይ ጠይቄ ያመጣሁትን ልጨምር። ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ጺጼርናካበርድን ሳታዩ እንዳትመለሱ። በ1915 እ.ኤ.አ. ያለቁት አርመኖች መታሰቢያ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራ። መሐሉ ላይ እሳቱ አይጠፋም፤ ዙሪያውን ሰው አበባ ያስቀምጣል።

እናትሽ አዲስ አበባ ከኖሩ ይኼ ታሪክ አይርቃቸውም። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ ያገኟቸው አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ከዚያ እልቂት የተረፉ ናቸው። «አርባ ልጆች» ተብለው አዲስ አበባ ገቡ፣ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። ፒያሳ አካባቢ ያለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ። ለአርመን ጎረቤቴ ይኼንን ስነግረው አቀፈኝ። እዚያ ስትሄዱ ከኢትዮጵያ ነን በሉ፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ያውቁታል።

የሐይቅ ልጅ፦

ዮናስ ጥሩ አልክ። በዚያው ማተናዳራንን ጨምሩበት፤ የረቫን ውስጥ ያለ የብራና ቤት ነው። ሜስሮፕ ማሽቶት ፊደላቸውን የቀረጸው በ405 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ሐውልቱ በሩ ላይ ነው። ብራናውን፣ ሐረጉን፣ የወንጌላውያኑን ሥዕል ስታዪ ስለ እኛ ብራናዎች ታስቢያለሽ። እኔ የቀናሁት በአያያዛቸው ነው። እያንዳንዱ መጽሐፍ ሐኪም አለው። የእኛዎቹ ስንቶቹ በጢስና በአይጥ እያለቁ እንደሆነ ሳስብ አመመኝ።

ገጋርድ ላይም ትንሽ ልበል፤ ላሊበላን ያየ ሰው በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም። የላሊበላዎቹ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው ዙሪያቸው ከአለቱ ተለይቷል። ገጋርድ ግን ገደሉን ወደ ውስጥ ሰርስረው ነው የገቡት። ዓምዱ፣ ቅስቱ፣ በግድግዳው ላይ ያሉት መስቀሎች ሁሉ ከዚያው አለት ናቸው። ብርሃን የሚገባው ከጣሪያው ቀዳዳ ብቻ ነው። የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ከላሊበላ ዘመን ብዙም አይርቅም። አንዱ ክፍል ውስጥ ምንጭ ይፈልቃል፤ ሰው እየጠጣ በፕላስቲክ ይዞ ይሄዳል። ለእናትሽ ሌላ ጠበል! እዚያ ውስጥ ሰው ሲዘምር ድምፁ አይጠፋም፣ ይቆያል። እናትሽ አንዲት መዝሙር ቢያወጡ ማንም አይከለክላቸውም።

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከየረቫን ወደ ትብሊሲስ? ባቡር አለ ሲሉ ሰማሁ።

ትርሲት ከስቶክሆልም፦

የሌሊት ባቡር አለ። ግን ድንበር ላይ ለፓስፖርት በሌሊት ይቀሰቅሱሻል፤ ለእናትሽ አይመከርም። መኪና ከነሾፌሩ ተከራዩ። 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ በደበድ ሸለቆ ያልፋል፤ ሸለቆው አፋፍ ላይ ሃግፓትና ሳናሂን ገዳማት አሉ። የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ናቸው። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ሃግፓትን ነው። ሣር የበቀለበት ጣሪያ፣ መሬት ላይ የተነጠፉ የመቃብር ድንጋዮች፣ በየግድግዳው ኻችካር። ኻችካር መስቀል የተቀረጸበት ቋሚ ድንጋይ ነው፤ ሁለት አንድ ዓይነት አታገኚም። ሾፌሩን ቀድመሽ «ሃግፓት እንቆማለን» በዪው፤ ሌላ ቦታ አትጨምሩ። ከዚያ ሳዳኽሎ ድንበር ቅርብ ነው። ድንበሩ ላይ ሻንጣ ይዞ ትንሽ መራመድ ሊኖር ስለሚችል ሻንጣችሁ ቀላል ይሁን።

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

እንግዲህ ያወጣሁት ዕቅድ ይኼ ነው። ግማሹን ጊዜ የረቫን አርፈን ኤችሚያዚንን ሁለት ጊዜ እንሄዳለን፤ አንዴ ለአርሴማ በዓል፣ አንዴ ለእሑድ ቅዳሴ። መሐል ላይ ኮር ቪራፕና ገጋርድ፣ በየቀኑ አንድ ቦታ ብቻ። ከዚያ በሃግፓት በኩል ትብሊሲ። ምጽኬታ አንድ ቀን ሙሉ። ቦድቤ ደግሞ ሲግናጊ አድረን። የቀረችኝ የጆርጂያዋ ተራራማ ከተማ ካዝቤጊ ናት። ፎቶዋን አይቼ ልቤ ቀርቷል፤ ግን መንገዱ ያስፈራኛል።

እትዬ አልማዝ፦

ልጄ፣ ዕቅድሽ ደስ ይላል። ካዝቤጊ ሂጂ፣ አትፍሪ። ከትብሊሲ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነው የሚወርደው። ወደ ሩሲያ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎች ስለሚበዙበት ያዘገያል። ስለዚህ ጠዋት ማልዳችሁ ውጡ፣ አናኑሪ ላይ ቆማችሁ እናትሽ እግራቸውን ያፍታቱ፣ እስቴፓንጽሚንዳ (የካዝቤጊ የአሁን ስሟ ነው) እደሩ። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እንዳታደርጉት። ማግስቱን በጠዋት ሰማዩ ጥርት ሲል ወደ ገርገቲ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ትወጣላችሁ። 2,170 ሜትር ላይ ነው፤ ዱሮ በእግር ነበር የሚወጣው፣ አሁን አስፋልት ስላለ መኪና እላይ ድረስ ያደርሳል። ከመኪናው ማቆሚያ እስከ በሩ ጥቂት ዳገት አለ፤ እኔ በልጄ ክንድ ተደግፌ ወጥቻለሁ።

ጆርጂያ ውስጥ ሴት ራሷን ሳትሸፍን፣ ሱሪም ለብሳ አትገባም፤ በየበሩ ሻሽና ሽርጥ ያስቀምጣሉ። እናትሽ የራሳቸውን ነጠላ ያጣፉ። አንቺም ያዢ።

ቤዛ ከቨርጂኒያ፦

እሺ እትዬ። እማዬ ሁለት ነጠላ አውጥታ ሻንጣው ላይ አስቀምጣለች፤ አንዱ የእኔ ነው አለች። ትኬቱን የምንቆርጠው የዓመቱን የአርሴማ ቀን ከቤተ ክርስቲያናቸው እንዳረጋገጥን ነው። ተማሪ ዘገዳም፣ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ካለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ብጠይቅ ይነግሩኛል?

ተማሪ ዘገዳም፦

ይነግሩሻል። የዓመቱ የበዓላት መቁጠሪያቸው ከኤችሚያዚን ጋር አንድ ነው። እንዲያውም እሑድ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ቅዳሴያቸውን እዚያው ይልመዱት። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑን ስለ ቁርባኑም ጠይቂው፣ ለኤችሚያዚን ደብዳቤ ያስፈልግ እንደሆነም ይነግርሻል።